በቅዳሴ ሰዓት የወጣ ፈሰስ

ልጅ እያለሁ ናፍጣን ያወቅሁት በውሃ ጥም ነው። መኪና ሲመጣ እሪ ብዬ በምሸሽበት ዕድሜ የናፍጣን ጣዕም ምላሴ ለይቶ ያውቀው ነበር። ዛሬም ክረምት ገብቶ፣ ከደጄ ባለው የወረታ መንገድ ላይ ባጃጆች ያንጠባጠቡት ዘይት በኩሬው ላይ ተዘርግቶ ሲያብለጨልጭ ካየሁ ደንግጬ መንገድ እቀይራለሁ። ልጆቼ «እማማን ደግሞ ዘይት ያስደነግጣታል» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ከቧንቧ ጠጥተው ያደጉ ናቸው።

እኛ የምንጠጣው ከቀጨሞ ነበር። ቀጨሞ በጃንሆይ ጊዜ ከወረታ ከተማ ግርጌ ታልፍ የነበረች፣ በበጋ ከቁርጭምጭሚት የማትዘል ወንዝ ናት። ከላይ ሰው ይቀዳል፣ መሀል ከብት ይጠጣል፣ ከታች ልብስ ይታጠባል፤ ይህን ያፋለሰች ሴት ስሟ እስከ ይፋግ ገበያ ይነሣ ነበር። እኛ ልጆች ከብቱ ከሚጠጣበት ዳር ተኮልኩለን በጥቁሩ ዋልካ የጭቃ በሬ እንሠራለን፤ የኔዎቹ ሁልጊዜ አንድ ቀንድ ይጎድላቸው ነበር። የእርጥብ ደንገልና የእበት ሽታው እስካሁን ባፍንጫዬ አለ። እንስራዬን ሞልቼ ስመለስ እናቴ አንድ ቅል ትጠጣና «ተመስገን» ትላለች። አባቴ በወባ ከሞተ ወዲህ ተመስገን የምትልበት ነገር ብዙ አልነበራትም።

ከወንዙ በላይ አውሮፕላን የሚያርፍበት የሣር ሜዳ ነበር። በስንት ጊዜ አንዴ የምትመጣ ትንሽ አውሮፕላን ሹም፣ ደብዳቤና መድኃኒት ይዛ ታርፋለች፤ እኛም ከብቶቹን ከሜዳው አስወጥተን ጆሯችንን ይዘን እንቆማለን። አንድ ዓመት ግን ሜዳው ይርዘም፣ ትልልቆቹም ይረፉበት ተባለ። የጭነት መኪኖች መጡ፤ የናፍጣና የሬንጅ በርሜል ተደረደረ፤ ጠጠር ተከመረ። የፎገራ መሬት ደግሞ ውሃ ይተኛበታል እንጂ አያሳልፍም። የሥራው አለቃ ስለዚህ ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረና ጫፉን ቀጥ አድርጎ ወደ ቀጨሞ ለቀቀው፤ ያውም ከሰው መቅጃ በላይ።

የመጀመሪያው ዶፍ በጣለ ማግስት ወንዛችን ጥቁር ሆና አደረች። በርሜሉ ካንጠባጠበው፣ ከመኪኖቹ እጣቢ፣ ከተደፋው ዘይት ምንም አልቀረም፤ ሁሉም በቦዩ ወረደ። ወይኖ የምትባለው ላማችን አሽታ ፊቷን አዞረች። ጥጃዋ ግን ልጅ ናት፣ ጠጣች፤ ሆዷ ተነፍቶ በሦስተኛው ቀን ሞተች። እኛም ውሃውን በነጠላ እያጠለልን ጠጣን። ነጠላው ጠቆረ፣ ጣዕሙ ግን አልለቀቀም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ያኔ ገባኝ።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ አለቃው ሄደች። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሚቸኩል ሰው ነው።

«እመቤት፣ ውሃ ወደ ወንዝ ካልሄደ ወዴት ይሂድ?» አላት።

«ሣሩ ላይ ይተኛ እንጅ ጌታዬ። ሣር ያጠራዋል።»

ሳቀ። ከዚያ ወደ አያ ጥሩነህ ሄድን። አያ ጥሩነህ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በድንበር የተጣላ ሁሉ እሳቸው ፊት ቀርቦ ነው የሚታረቀው። ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሟትና «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። የመንግሥት ሜዳ ነው ልጄ፣ ይቅርብሽ» አሏት። እናቴ እሽ ብላ ወጣች። እሽ ያለችበት ድምፅ ግን የእሽታ አልነበረም።

በእኛ አገር ገበሬ ማሳው ላይ ውሃ ሲተኛበት በማረሻ አግድም ሰፋ ያለ ትልም ያወጣል፤ ፈሰስ ይባላል። ውሃው በፈሰሱ ተሰብስቦ ወደ ጎን ይወርዳል። ፈሰስ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ዕርፍ ከጨበጠች ዝናብ ይሸሻል፣ በሬ ይሰንፋል እየተባለ፣ ባሏ የሞተባት እናቴ ሁለት በሬ እያላት መሬቷን ምርቱን እኩል ለሚካፈላት አራሽ ትሰጥ ነበር። አንድ እሑድ ግን ሕዝቡ ሁሉ ቅዳሴ ገብቶ፣ ሠራተኛውም ለሰንበት ተበትኖ ሳለ፣ የአባቴን ሞፈርና ቀንበር ከጎተራው ሥር ጎትታ አወጣች። ሴት ከቅዳሴ ብትቀር ለምን ቀረሽ የሚላት የለም፤ ምክንያቷ የራሷ ነው። እኔ ከፊት በሬዎቹን እየሳብኩ፣ እሷ ከኋላ ዕርፉን በሁለት እጇ እንደ ጠላት አንቃ፣ ከቦዩ ጎን ተነሥተን እስከ ሣሩ ፈሰስ አወጣን። ወደ ወንዙ የሚወርደውን የቦዩን አፍ በድንጋይና በሣር ደፈነችው። ማረሻው አሥር ጊዜ ወጥቶባታል። ከቤተ ክርስቲያን የከበሮው ድምፅ ይመጣል፤ እናቴ ታለቅሳለች፣ ታርሳለች።

ሰኞ የተመለሰው ሠራተኛ አለቃው ያዘዘው መስሎት አልነካውም፤ ውሃው ታዘዘላት። ዝናቡ ሲጥል ጥቁሩ ጎርፍ በፈሰሱ ዞሮ ሣሩ ላይ ተኛ፤ በሳምንቱ ቀጨሞ ጠራች። ያን ሰሞን የጠጣሁት ውሃ ማር ማር ይለኝ ነበር። እናቴ ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። ፈሰስ በጥቂቱ ማዘቅዘቅ አለበት፤ ያን ደግሞ የሚያውቀው የለመደ እጅ ነው። የእሷ ደልዳላ ሆነና፣ አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ አዲሱን የሜዳ ጫፍ ከሥር አራሰው። በማግስቱ አውሮፕላን መጣችና ጎማዋ እስከ ሆዷ ሰመጠ። የሞተ የለም። የተሳፈረው ሹም ግን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወረደ፤ ከሞት የማይሻል ነገር ነው።

አውጫጭኝ ተጠራ። የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ ጥፋት ሲደርስና አጥፊው ሲጠፋ ነዋሪው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይከማቻል፣ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ነጭ ለባሾች፣ የአገሬው ታጣቂ ዘበኞች፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ዙሪያችንን ቆሙ። እናቴ የቤቱ አባወራ እሷ ናትና ቀረበች፤ እኔም የምተውበት ሰው ስለሌለ ተከተልኩ። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው «አይቶ የሸሸገ፣ ሰምቶ የደበቀ፣ ከክርስቶስ ሥጋና ደም የተለየ ይሁን» ሲሉ ሕዝቡ «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

አያ ጥሩነህ ሰሚ ሆነው ተመረጡ፤ እሳቸውም የሰማሁትን አልደብቅም ብለው መጽሐፍ መትተው ማሉ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከሜዳው ዳር ባለው ዋርካ ሥር ቀርቦ ያወቀውን በጆሯቸው ያንሾካሹካል። የተናገረው ሰው ስሙ አይጠራም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብለው አጥፊውን ብቻ ያወጣሉ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። ሁሉም የሚያስበው ስለ ወንድ ነበር፤ በሥራ ቀን ሠራተኛው ሜዳው ላይ ስለሚውል ፈሰሱ የወጣው እሑድ መሆኑ ታውቋልና፣ ከቅዳሴ የቀረ ወንድ ማን ነው እየተባለ ስንቱ ተጠረጠረ። ሴት በሰንበት ታርሳለች ብሎ ማን ያስባል? ከሰፈር ያልታለቡ ላሞች ሲጮሁ እንሰማለን። ጤፉ አረም ዋጠው። ሰው በሰው ላይ ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔ መሀል ተቀምጬ እናቴ ስትተነፍስ እቆጥራለሁ። ብናገር ደብረ ታቦር ወህኒ ቤት ይወስዷታል፣ ባልናገር ለዘላለም የተለየሁ ነኝ። መሬቱ ጠበበኝ፤ ያን ሁሉ የፎገራ ሜዳ እያየሁ መተንፈሻ አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጅ አይዋሽም ተባለና ልጆችም ይቅረቡ ተባለ። ተራዬ ደርሶ ወደ ዋርካው ሄድኩ። አያ ጥሩነህ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡኝ። አፌን ከፈትኩ፤ «እማየ ናት» አልኩ።

አዎ፣ አልኩ። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ሲኦልን ፈራሁ፣ እናቴን ሰጠሁ። ይህን ስጽፍ ከሰባ ዓመት በላይ ነኝ።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ «ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አሉኝ ቀስ ብለው። አልነገርኩም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና ለሕዝቡም ለነጭ ለባሹም በሚሰማ ድምፅ «ይችም አላየሁም አልሰማሁም ብላለች። ሌላ ሰው ጥሩ!» አሉ። ማታ ላይ ሹሙ ሲጠይቃቸው «ወፍ አልተናገረችም» አሉት።

አጥፊው ስላልተገኘ ቅጣቱ የሁሉም ሆነ። ፈሰሱን ደፍናችሁ ቦዩን እስከ ቀጨሞ አጥልቃችሁ ቆፍሩ ተባልን። እናቴ ዶማ ይዛ ከሰው ጋር ተሰልፋ ቆፈረች፤ ጥቁሩን ውሃ በገዛ እጇ ወደ ወንዟ መለሰችው። እኔ አፈሩን በቅርጫት አመላልሳለሁ። ከዚያ ክረምት ጀምሮ ውሃ የምቀዳው ከሩቅ ምንጭ ሆነ። ደርሼ ስመለስ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ የጭቃ በሬ መሥራቱም በዚያው ቀረ።

አያ ጥሩነህ ከአውጫጭኙ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። ከቅጥሩ ውጭ፣ በዝናቡም በፀሐዩም፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ይቆሙ ነበር። አልቆረቡም። ለነፍስ አባታቸው እንዳይናገሩ፣ ገዝተው ያስማሏቸው ቄስ ራሳቸው የነፍስ አባታቸው ነበሩ፤ ቢናገሩ እናቴ ትጋለጣለች። ሰው ምክንያቱን ፈልጎ አጣ። አንዱ እርጅና ነው አለ፣ አንዱ ሰው ሳይገድሉ አይቀሩም አለ። እኔ በበሩ ሳልፍ ዓይኔን መሬት ላይ እተክል ነበር።

አሁን ቀጨሞ በድንጋይ ታጥራ ቦይ ሆናለች። የአስፋልቱ፣ የጋራዡ፣ የገበያው ጎርፍ ሁሉ እሷ ላይ ይወርዳል፤ ያኔ ጤፍና ጓያ የነበረው ሜዳ ሩዝ ሆኗል፤ የአውሮፕላኑን ቦታ የት እንደነበር የሚያሳይ ሰው እንኳ የለም። ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ባለሙያ መጥታ፣ ጎርፉ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ሣር ላይ ቢያርፍ ንጹሕ ይሆናል ብላ በሥዕል አስረዳችን። ሰው አጨበጨበላት። ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። ስብሰባው እንዳለቀ ሁሉም ፈርሞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በሩን የዘጋብን የለም።

የልጅ ልጆቼ ያጠፉትን ሁሉ ለእናታቸው ሮጠው ይናገራሉ፤ ቁጣም ቢሆን ይቀምሱና ይረሱታል። እቀናባቸዋለሁ። እናቴ በየበዓሉ የአያ ጥሩነህን ድርሻ ቀንሳ በእኔ እጅ ትልክላቸው ነበር። ሳህኑን ተቀብለው «እደጊ» ይሉኛል፤ ሌላ ቃል ጨምረው አያውቁም። እናቴ ባዶ ሳህኑን ከእጄ እየተቀበለች «ምስኪን፣ ምን በድለው ይሆን እንዲህ ውጭ የሚቆሙ?» ትለኛለች።

«እንጃ» እላታለሁ። እስክትሞት ድረስ እንጃ አልኳት።