የሽንኩርት ህዋስ እና መምህር አምዴ

ባለፈው ሳምንት መካኒሳ ከቤቴ ትንሽ አለፍ ብሎ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። ጎረቤቴ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና፣ "መምህር አምዴ እኮ አረፉ። አንቺንም አስተምረውሻል አሉ፤ ተነሽ አብረን እንድረስ" አለችኝ። እግሬን እንዳመመኝ ነገርኳት። እግሬን አላመመኝም። ሰውየውን ዛሬም አንቱ ለማለት ምላሴ እሺ አይለኝም።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ላፍቶ ነበር፤ አባቴ ወንዙ ዳር ባለችው መሬታችን ሽንኩርትና ጎመን ያመርት ነበር። ጎፋ ወዳለው ትምህርት ቤት የምሄደው በእግሬ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የመኪና ጎማ የቀደደው ጭቃ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ ጫማዬ ላይ የተጣበቀው አፈር ግን ብጠርገው ብጠርገው አይለቅም። አፈሩን ለክፍሉ ያሳየችብኝ ሰሚራ ናት። አባቷ ጎፋ ሱቅ ነበራቸው፤ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። "እግርሽን ወደዚያ አድርጊው፣ በረት በረት ይሸታል" ብላ ካሳቀችብኝ ቀን ጀምሮ አንነጋገርም። ክርን ለክርን እየተነካኩ ወራት ሙሉ መኳረፍ ቀላል አይደለም፤ እኛ ግን ቻልነው።

መምህር አምዴ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበር። ጥያቄ የሚጠይቀውን ተማሪ እንደ ሰዳቢ ነበር የሚያየው። አንድ ቀን የህዋስን ክፍፍል አስተማረን። ህዋስ ከመከፈሉ በፊት በውስጡ የያዘውን የዘር መልእክት እጥፍ አድርጎ ይገለብጣል፤ ክሮሞዞሞቹ መሀል ላይ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ ወደ ሁለቱ ጫፍ ይጎተታሉ። በመጨረሻ ህዋሱ በገመድ እንደታሰረ ከረጢት ወገቡ እየጠበበ ለሁለት ይለያል። "የሰውም ይሁን የሽንኩርት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚከፈለው" አለና ሰሌዳው ላይ ሣለው። ጉልበቴ ላይ የነበረው ቁስል ለምን ከዳር ወደ መሀል እንደሚጠግግ ያን ቀን ገባኝ፤ ባዮሎጂን የወደድኩትም ያን ቀን ነው።

ትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ። ክፍፍሉን በዓይናችን ለማየት ሽንኩርት ሲያስፈልግ መምህር አምዴ ጣቱን ቀሰረብኝ። "የገበሬው ልጅ ታምጣ።" አመጣሁ። ውኃ የሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጥናቸው፤ በሦስተኛው ቀን ነጫጭ ሥር አወጡ። የሥሩን ጫፍ ቆርጠን በአሲድ አለሰለስነው፣ በቀለም ነከርነው፣ ስላይድ በሚሉት ስስ መስታወትና በክዳኑ መሀል አድርገን በአውራ ጣታችን ጨፈለቅነው። በእረፍት ሰዓት የበላሁት ቆሎ ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት አለኝ።

ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ስደቅን ህዋሶቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። አንዷ እየተከፈለች ነበር። ክሮሞዞሞቿ ሁለቱ ጫፍ ላይ ደርሰዋል፣ ወገቧ ግን አልጠበበም። መሀሏ ላይ ቀጭን መስመር ተጀምሯል፤ ግራና ቀኙ ገና ጠርዙ ጋ አልደረሰም። ህዋሷ ከመሀል ወደ ዳር ግድግዳ እየሠራች ነበር። ከእኔ ቀጥላ ሰሚራ አየች፤ ብዙ ቆየች። እኔ ወደ ቦታዬ ሄጄ ያየሁትን ሣልኩ።

መምህር አምዴ ደብተራችንን ለማረም ሲዞር እኔ ጋ ቆመ። "ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ያየሁት ነው፣ ቲቸር።"

"ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳዪ ነው ያልኩሽ። ያየሽውን ማን ጠየቀሽ?" በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፈብኝ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ "ስላይዱ እዚያው ነው። ይዩት" አልኩት።

ሄዶ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ማስተካከያውን ይዞ የነበረው እጁ ቀጥ ሲል አየሁ። እንደዚያው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ትልቁን ማዞሪያ በአንዴ ወደ ታች ጠመዘዘው፤ ሌንሱ ስላይዱ ላይ ወረደና መስታወቱ ቀጭ አለ።

"ምንም አይታይም" አለ ቀና ብሎ። "ስላይዱንም ሰብረሽዋል።"

ከጎኔ ሰሚራ ተነሣች። "ቲቸር፣ የሰበሩት እርስዎ ነዎት። ግድግዳውንም እኔ አይቼዋለሁ።" ወደ እኔ ዞር እንኳን አላለችም።

ሁለታችንንም ወላጅ አምጡ ብሎ አባረረን። እስከ በሩ አብረን ሄድን፤ "አመሰግናለሁ" ልላት ስል፣ "ላንቺ ብዬ አይደለም" ብላኝ ታክሲ ያዘች።

በማግስቱ አባቴ ቡትስ ጫማውን እንዳደረገ መጣ። መምህር አምዴ ወንበር ሳይሰጠው፣ "ልጅዎ ትዋሻለች፣ ንብረት ትሰብራለች። ይቅርታ ከጠየቀች ማርኳን አስተካክላለሁ" አለው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ያየሽውን ነው የተናገርሽው?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው አትጠይቅም" አለው።

የሰሚራ አባት ልጃቸውን ይቅርታ አስጠየቋት፤ ዓመቱን በሰላም ጨረሰች። በእኔ ላይ ግን መምህር አምዴ እስከ ሰኔ አልተኛም። የባዮሎጂ ውጤቴ ወደቀ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ መስክም በዚያው ቀረብኝ። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስደረድር ጨረስኩ፤ ማይክሮስኮፕ ዳግም አልነካሁም። አባቴን ግን አንድም ቀን ወቅሼው አላውቅም።

የሽንኩርት ህዋስ ጠንካራ ግድግዳ ስላላት ወገቧ ሊጠብ እንደማይችል፣ ጠብቦ የሚለየው የእንስሳት ህዋስ እንደሆነ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ በልጄ መጽሐፍ ላይ ነው። ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። ደስታ አልነበረም የተሰማኝ።

አስካለ ከለቅሶው ስትመለስ ሰው ሁሉ ስለ ትጋቱ ሲያወራ እንደዋለ ነገረችኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። አስተማሪ መሳሳቱ ብርቅ አይደለም፤ እሱንም ሲያስተምሩት ተሳስተው ይሆናል። ለስህተቱ ቂም የለኝም። ከአንጀቴ ያልወጣው ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበሰባትን ጥቂት ጊዜ ነው። አይቷል። ማዞሪያውን የጠመዘዘው አይቶ ነው።