ዲያቤትስ፣ አልፎ ሂያጁ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እኖራለሁ፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ክፉ አመል አለብኝ፦ ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ቃል ማስተማር አልወድም። ተማሪዎቼ «ቲቸር ዛሬም ግሪክ ልትወስደን ነው» ይላሉ። ይበሉ።

ባለፈው ዓመት ስለ ስኳር በሽታ ለማስተማር ስዘጋጅ «ዲያቤትስ» የሚለው ቃል ያዘኝ። እኛ ስኳር እንለዋለን፤ ግሪኮቹ ግን ስሙ ውስጥ ጣፋጭ ነገር አላስገቡም። «አልፎ ሂያጅ» እንደማለት ነው። የጥንት ሐኪሞቻቸው መመርመሪያ አልነበራቸውም፤ ያዩት የጠማው ሰው ነው። ይጠጣል፣ ውሃው ግን ሰውነቱ ውስጥ አያርፍም፤ አልፎት ይሄዳል። ያዩትን ስም አደረጉት። ወደድኳቸው።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ለአባቴ አወራሁላቸው። አባቴ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቀትር በኋላ ለሶላት ታጥበው የያዙትን፣ ሽንት ቤት ከሄዱ የሚፈርሰውን ውዱእ ጠብቀው መስጊድ ይቆዩና ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብን፣ ሲመሽም ኢሻን ከሰው ጋር በጀመዓ ይሰግዱ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ቤት መስገድ አብዝተው ነበር፤ ከስተውም ነበር። ሁሉንም እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር።

ሰምተው ሲያበቁ «ያ የግሪኩ ሰውዬ ውሃውን ቢተወውስ?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። «ቢተወውማ ደርቆ ይሞታል፣ አባ።»

ከዚያ ለሴት ልጅ መንገሩ እየከበዳቸው፣ «ወላሂ፣ ውዱኤ አልቆይ ብሎኝ ነው» አሉ። «ሶላት ሳላደርስ ይፈርሳል። ሰው መሃል እየተነሱ መውጣት ያሳፍራል። ከቀትሩ ሶላት ከዙህር ወዲያ ውሃ አልቀምስም።»

ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ያን ጊዜ ገና አየሁት።

እያጣደፍኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ስኳራቸው በጣም ከፍ ማለቱ ሲነገራቸው ተቆጡ። «እኔ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣ!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠማቸው?» አለ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ።

አላውቅም። «ከአረፋ ወዲህ» አሉ እሳቸው። ከአረፋ ወዲህ በየቅዳሜው ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ስለ ቃላት አውርቻለሁ።

ነርሷ ውሃ ሰጠቻቸው። ብርጭቆውን እንደያዙ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «መግሪብ እየደረሰ ነው እኮ» አሉኝ።

«ይጠጡ፣ አባ» አልኩና ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።