የሰርቨሯ ዳንቴል

እናቴ ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ ሳንዱቋን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን ቀና ሳደርገው የብል መድኃኒት ሽታ ፊቴን መታኝ። ከሻሾቿና ካልተሰፋ ቁራጭ ጨርቅ ስር፣ ከታች ወለሉ ላይ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ነጭ ዳንቴል አገኘሁ። ሳልዘረጋው ከጠርዙ አወቅሁት። አወቅሁትና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ይኼን ያህል ዓመት አልፎ እንኳ ያን ጨርቅ እፈራዋለሁ።

እኔ ከልጅነቴም ፈሪ ነኝ። ሰው በዳንቴል ይፈራል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ስሙኝና ፍረዱ።

ከወልድያ ኮሌጅ እንደወጣሁ መርሳ ላይ የገበሬ መሬት ይዞታ በሚመዘገብበት አንድ ትንሽ ጽሕፈት ቤት መረጃ አስገቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ከትልቁ መዝገብ እያነበቡልኝ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ የባለይዞታውን ስም ሲያነቡ ሰውየውን ፊት ለፊት የሚጠሩት ያህል ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉታል። ክፍላችን ጠባብ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ከመስኮቱ ማዶ ጁስ ቤት ስለነበረ ቀኑን ሙሉ የማንጎ ሽታና የመፍጫው ጩኸት ይገባብናል።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቴክኒሻን የምንጽፈው ሁሉ የሚቀመጥባትን ሰርቨር ከወልድያ በሚኒባስ ይዟት መጣ። ዕቃ ማስቀመጫ ላይ ሊጭናት ስላልደፈረ እስከ መርሳ ድረስ ጭኑ ላይ አቅፏት ነበር። ሁለት የጫማ ካርቶን ጎን ለጎን ቢቀመጥ የምታህል ጥቁር ሣጥን ናት፤ ፊቷ በሙሉ ወንፊት የመሰለ ብረት ነው።

«ይቺ ከዓይነቷ ትንሿ ናት» አለኝ ገመዷን እየሰካ። «ለጀማሪ መሥሪያ ቤት የተሠራች ነች። የዳታቤዙ ሶፍትዌር ከፋብሪካው ተጭኖባት ነው የመጣችው። የራሷ ስክሪን የላትም፣ በአንቺ ኮምፒውተር ነው የምትከፍቻት።»

እኔም ጀማሪ ስለነበርኩ ወዲያው ወደድኳት።

ከዚያ ወንፊቱን ከፍቶ ሁለቱን ዲስኮች አሳየኝ። የምጽፈውን ሁሉ እኩል ሁለቱም ላይ ትጽፈዋለች፤ አንዱ ቢሞት በሌላው ትሠራለች፤ የሞተውን ደግሞ ማሽኑ ሳይጠፋ መዝዞ በአዲስ መተካት ይቻላል። «ከዚህ ከፍ ያለው ሞዴል ችግር ሲገጥመው ይጮኻል» አለ። «ይቺ አትጮኽም። በኢሜይል ታስጠነቅቅ ነበር፣ እናንተ ኢንተርኔት የላችሁም። መናገሪያዋ እነዚህ ሁለት መብራቶች ብቻ ናቸው። አረንጓዴ ከሆኑ ሰላም ነው። ብርቱካንማ ያየሽ ቀን ግን ዛሬ ነገ እንዳትይ፣ ደውይልኝ። አየር የምትስበው በፊቷ ነውና ምንም ነገር እንዳታስጠጉባት።»

ሽማግሌው በመነጽራቸው ሥር አዩት። «ሁለቱም ቢሞቱሳ? የገበሬው መሬት የት ይገባል?»

«ባክአፕ፣ የሁሉም ቅጂ፣ የሚያዝበት ሌላ ዲስክ አለ አባባ፤ በሚቀጥለው ስመጣ ይዤው እመጣለሁ።»

ያ «በሚቀጥለው» ሳይመጣ ወራት አለፉ። ሽማግሌው የጠየቁት ወደው አልነበረም። ሰርቨሯ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ግራና በምትባለው ከተማ በኩል ያሉት የሁለት ቀበሌዎች መዝገብ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ገጾቹን አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ እያሰጣን፣ እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ አስገባናቸው፤ ከዚያ ወረቀቱ እጃችን ላይ እየተፈረፈረ አለቀ። የእነዚያ ሰዎች መሬት ያለው ከዚያች ሣጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

እናቴ ዳንቴል ሠሪ ነበረች፤ የመርሳ ሙሽራ ሁሉ የአልጋ ልብስ በሷ እጅ ነው ያለፈው። ልጇ ማሽን ላይ እንደምትሠራ ሰምታ አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሰርቨሯን አየቻትና ፊቷ ጭፍግግ አለ።

«እንዲህ ያለ ዕቃ ራቁቱን ታስቀምጡታላችሁ? አቧራ ሲጠጣ?»

በስንዝሯ ቁመቷን፣ ወርዷን፣ ፊቷን ለካች። በሳምንቱ ዳንቴሉን ይዛ መጣች፤ በስኳር ውሃ ተነክሮ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከላይ ተደርቦ በፊት በኩል እስከ ታች የሚወርድ፣ ሁለመናው አበባ። የቴክኒሻኑ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ግን አፌን ከፍቼ «አይሆንም እማ» ማለት አቃተኝ። ሽማግሌውም «ማሻ አላህ! እጅሽ ይባረክ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ዳንቴል እንደሆነ ቀዳዳ ነው፣ አየር ያሳልፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እናቴን ማሳፈሩን ፈርቼ ማሽኗን አለበስኳት፤ ስትወጣም አላነሳሁትም።

ግንቦት ገባ። የግንቦትን የመርሳ ሙቀት የማያውቅ ሰው ካለ ይጠይቀኝ። የሰርቨሯ ማራገቢያ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ እኔ ሥራ በዝቶባት መስሎኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት ከግራና በኩል በእግሯ መጣች። ባሏ ሞቶባታል፤ የይዞታ ደብተሯ ቤቷ ሲቃጠል አብሮ ነዷል፤ የባሏ ወንድም ደግሞ «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ ከሷታል። ቀጠሮው ሰኞ ነው። መሬቱ በስሟ መመዝገቡን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ ካልቀረበች አራት ልጆቿን የምታበላበት ሌላ ነገር የላትም።

ሰርቨሯን ከፈትኳት። ስክሪኑ ቆሞ ቀረ። የማሽኗን ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ስከፍተው ብዙ ቆይቶ በቀይ ጽሑፍ መጣ፤ አንደኛው ዲስክ ሞቷል፣ ሁለተኛው ስህተት እያሳየ ነው፣ ሙቀቱ ከልክ አልፏል። ተነሥቼ ዳንቴሉን ገለጥኩት። ብርቱካንማው መብራት ዓይኔ ላይ በራ። ሙቀቱ መዳፌን ገረፈኝ። ዲስኩ የሞተበትን ቀን ሳየው አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በእናቴ ዳንቴል ስር ስትነግረን ነበር ማለት ነው። ለቴክኒሻኑ ደወልኩ።

ቴክኒሻኑ ስልኩን ሲያነሣ ድምፄ ስለተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። «ምንም እንዳትነኪ» አለኝ። «ፍለጋ እንዳትሞክሪ፣ እንዳታትሚ፣ እንዳታጠፊያትም። ሁለተኛውም ነፍሱ ቀጭን ክር ላይ ናት። ዲስኩ ከደሴ ቅዳሜ ይደርስልኛል፣ ይዤ እመጣለሁ።»

ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ቅዳሜ ይምጡ፣ እናቴ» አልኳት።

«ስሜ ግን አለበት አይደል፣ ልጄ?»

«አለ» አልኩ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የኖርኩት ኑሮ ኑሮ አይባልም። ከሰርቨሯ ፊት ተቀምጬ በሰሌን ማራገቢያ ስነፋላት እውል ነበር። ከውስጧ ቀጭን ቅጭጭታ በሰማሁ ቁጥር ማራገቢያዬን አፈጥናለሁ። ሽማግሌው ወለሉን ውሃ እያርከፈከፉ «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ይሉኛል፤ እሳቸውም ግን ያን ሰሞን መዝገብ አላነበቡም። እኔ የማየው የዚያችን ሴት ስም ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ያጠፋኋቸውም እኔ ልሆን ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

«አንዱ ዲስክ ሞተ፣ እማ።»

«ምን ነክቶት?»

«ሙቀት» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። የኪሮሽ መርፌዋ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ መሥራቷን ቀጠለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቴክኒሻኑ መጣ። ዳንቴሉን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ደብቄዋለሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የሰርቨሯን ፊት አየ። አቧራው ወንፊቱ ላይ የዳንቴሉን አበባዎች እስከነቅጠላቸው ስሎባት ነበር።

«ማን ነው ይቺን ያለበሳት?»

ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። ብርድ እንዳይመታት ብዬ።»

በግንቦት፣ መርሳ ላይ! ቴክኒሻኑ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳቅ ቀደመው። እኔ አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ።

የሞተውን ዲስክ መዝዞ አዲሱን ሰካው፤ ስክሪኑ ላይ ከመቶው ስንቱ እንደተገለበጠ የሚያሳይ ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ያለው ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እስኪገለበጥ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። «የሚያስፈራው አሁን ነው» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ያ የደከመው ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት። መሀል ላይ ካቆመ የሚያነሣው የለም።» ሴትዮዋ በሰዓቷ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። በየጥቂቱ ቁጥሩን ትጠይቀኛለች፤ እነግራታለሁ፤ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ስልሳ አራት ላይ መብራት ሄደ።

መብራት ሲጠፋ ሰርቨሯን የሚይዛት ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ መጮኽ ጀመረ። ባትሪው የሚይዘው ሃያ ደቂቃ ነው። መብራት ደግሞ መርሳ ላይ አንዴ ከሄደ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ፣ አንድ እርምጃ መራመድ አልቻልኩም። በሕይወቴ ሲሮጡ አይቻቸው የማላውቃቸው ሽማግሌ ሽርጣቸውን ሰብስበው በሩን ጥሰው ወጡ።

ጁስ ቤቱ ጀነሬተር ነበረው። ባለቤቱ የገመዱን ጫፍ በመስኮት ሲያቀብለን አየሁት። ጀነሬተሩ ትንሽ ስለሆነ ፍሪጁንም መፍጫውንም አጥፍቶልናል። ሽማግሌው ስለሚበላሽበት ማንጎ ይቅርታ ሲጠይቁት ከውጭ ጮኸ፤ «የመርሳ ሰው ለዛሬ ጁስ ባይጠጣ አይሞትም፣ አባባ! እናንተ ሥሩ!»

የዩፒኤሱ ጩኸት ቆመ። የቤንዚን ጭስ በመስኮቱ ገባ። ገመዱ መስኮቱ ስር ከሌላ ገመድ ጋር የተቀጠለበት ቦታ ነበር፤ መሰኪያው ይላላል። ሴትዮዋ ማንም ሳያዛት ተነሥታ ሄደች፤ ሰው እንዳይረግጠው መጋጠሚያውን በጎኗ ከልላ ተቀመጠች፤ ወደዚያ የሚመጣውን ሁሉ በእጇ ትመልሳለች። ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም ነበር። ብቻ እኔ ፈርቼ ስላየችኝ ትልቅ ነገር መሆኑ ገብቷታል።

ዘጠና ላይ ቁጥሩ ቆሞ ቀረ። ቴክኒሻኑ መተንፈስ ያቆመ መሰለኝ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ። መቶ ሲሞላ ብርቱካንማው ጠፋ፤ ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑ። ስሟን ጻፍኩ፤ ወጣ። የአባቷ፣ የአያቷ ስም፣ የመሬቷ አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን፣ ሁሉም አለ። አትሜ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፤ ማኅተሙን መቱበት። ሴትዮዋ ማንበብ ስለማትችል ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አሳረፍኩላት፤ ብዙ ጊዜ አላነሣችውም።

ሰኞ ፈረዱላት። በዓመቱ ከጓሮዋ ማንጎ ይዛልን መጣች።

ዳንቴሉን ወደ ቤት ይዤ ሄድኩና «ሊታጠብ ነው» ብዬ ለእናቴ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፤ አንድም ቀን «መልሰሽ ውሰጂው» አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሥራ ስመለስ ገና ከበሩ ሳልገባ አንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር። «ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው?» አዎ ስላት ነው ምግብ የምታቀርበው። ማሽኗን የወደደቻት መስሎኝ እስቅባት ነበር። እኔ ወደ ወልድያ ተቀይሬ፣ ያቺ ትንሽ ሰርቨር በትልቅ ተተክታ፣ ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው እንኳ፣ ለጁምዓ ወደ መርሳ ስወርድ እናቴ ያንኑ ትጠይቀኛለች። በመጨረሻው ሕመሟም፣ ሰው መለየት ሲያስቸግራት፣ እጄን ይዛ ጠይቃኛለች።

እንግዲህ ሳንዱቁ ሥር ተቀምጬ ዳንቴሉን ዘረጋሁት። ከፊት በኩል የሚወርደው መሀሉ የለም። ብል የበላው መስሎኝ ነበር። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ሳደርገው ግን ተፈትቶ ነው፤ በመርፌ፣ አበባ በአበባ፣ በጥንቃቄ። አራት ማዕዘን አድርጋ ከፍታዋለች፤ ዙሪያውን በአዲስ ክር ቀምቅማዋለች፤ ክሩ ከሌላው ይልቅ ይነጣል። በስንዝሬ ለካሁት። የሰርቨሯ ፊት ልክ ነው፣ አየር የምትስብበት። በቀኝ በኩል፣ መብራቶቹ በነበሩበት፣ ሁለት ትንንሽ ቋጠሮዎች በአረንጓዴ ክር ሠርታበታለች።

ታውቅ ነበር። ያን ዕለት «ሙቀት» ስላት አውቃለች፤ እኔ እሷን ማሳፈር ፈርቼ ዝም ስል፣ እሷም እኔን ማሳፈር ፈርታ ዝም ብላ ነበር። ዳንቴሉን ፈትታ አስተካክላዋለች፤ መልሳ ልትሰጠኝ ግን አልደፈረችም። በፍርሃቴ ብቻዬን የነበርኩ መስሎኝ ነበር ይኼን ሁሉ ዓመት።

ቤቱ ጭር ብሏል። ማንም አልጠየቀኝም። ዳንቴሉን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ «አዎ እማ፣ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው» አልኳት።