ወደ ባሕር የተጣሉት አሥራ ሁለት ካርቶኖች

አራት ሰዎች ነበርን። አጎቴ ሐሰን፣ ከድሬዳዋ መጥተው በባሕር ዳሯ የወደብ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ፤ እትዬ መርየም፣ ከእሳቸው ሱቅ ጎን ብርጭቆና ሳህን የሚሸጡ የሐረር ሴት፣ ባላቸው የሞቱባቸው፤ ናኹዳ ሳሊም፣ የሁለቱንም ዕቃ ከየመን በእንጨት ጀልባቸው የሚያመጡ ሽማግሌ ካፒቴን፤ አራተኛው እኔ፣ አጎቴ ቤት የምኖር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ።

ትናንት ልጄ የትምህርት ቤት ወረቀቷን ይዛ መጥታ «ጄቲሰን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መዝገበ ቃላቱን ከሳጥን ሳወጣው ያረጀ ሙጫና የጨው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ገጾቹ በባሕር እርጥበት አብጠዋል። የቃሉን ገጽ ግን ሳልፈልገው ነው ያገኘሁት።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ሱቁን ዘግቶ ጫቱን ይዞ ሲጋደም፣ እኔ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተንጋልዬ በቀን አሥር ቃል አጠና ነበር። የሰፈሩ ሰው ደብዳቤና የመድኃኒት ወረቀት ያስነብበኝ ጀመር፤ ለአንዱ ጎረቤት መድኃኒቱ ሊያመጣበት የሚችለውን በሽታ ሁሉ አንድ ሳላስቀር ተርጉሜለት ሳምንት ሙሉ ሳይውጠው ቀረ። ያን ጊዜ ያነበብኩትን መደበቅ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት አጎቴ ጨርቃቸው እንዳይረጥብ ከጀልባው ሆድ ውስጥ እንዲጫን ፈለጉ፤ ቦታው ግን አስቀድሞ ለእትዬ መርየም ተይዞ ነበር። እትዬ መርየም እኔ ባለሁበት፣ በር ላይ ቆመው እየሳቁ፣ «ሐሰን፣ ያንተ ይግባ፤ ብርጭቆ ውሃ አይፈራም» አሏቸው። ካርቶኖቻቸው ከላይ ተጫኑ። መንገድ ላይ ንፋስ ተነሣ፣ ጀልባዋ ውሃ መሙላት ጀመረች፤ ናኹዳ ሳሊምም ጀልባዋን ለማቅለል ከላይ ያገኙትን ወደ ባሕር ጣሉ። አሥራ ሁለት ካርቶን ብርጭቆ ሰመጠ፤ ጨርቁና ሰዎቹ በደኅና ገቡ።

ናኹዳው የወደብ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ የጻፈላቸውን አንድ ወረቀት ለእትዬ መርየም ሰጥተው፣ ጀልባቸውን ለማስጠገን በማግስቱ ወደ የመን ተመለሱ። ወረቀቱ የያዘው አንድ መስመር ነው፤ በመካከሉ ያ ግስ አለ። እትዬ መርየም እንዳነብላቸው ሲያሳዩኝ ግሱን ስላላወቅሁት ቀድቼው ሄድኩ። መዝገበ ቃላቴ ቃሉ ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ፣ ሥሩም መወርወር ማለት እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በታች በደቃቅ ፊደል፣ መርከብን ለማዳን የአንዱ ዕቃ ሲጣል፣ ዕቃቸው የተረፈላቸው ሁሉ ጉዳቱን እንዲካፈሉ የቆየ የባሕር ሕግ ያዛል ይላል። ለአጎቴ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። «የጠየቁህን ብቻ መልስ» አሉኝ።

እትዬ መርየም መልሱን ሊሰሙ መጡ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ወደ ባሕር ተጥሏል ማለት ነው አልኳቸው። እሱንማ አውቃለሁ ብለው ትንሽ ፈገግ አሉና፣ «ሌላ የሚለው ነገር የለም፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም» አልኩ።

አጎቴ ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ያንኑ አንድ ክንድ ደጋግመው ለኩት።

በሁለት ወር ውስጥ የእትዬ መርየም ሱቅ ተዘጋ። ሆዳን በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥረው ገቡ፤ በገዛ ሱቃቸው እመቤት የነበሩ ሴት እዚያው ቤት እያደሩ የሰው ብርጭቆ ያጥቡ ጀመር። አንድ ቀን ወደ ባልባላ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋቸው፤ እንግሊዝኛዬ የት እንደደረሰ ጠየቁኝ፣ በርታም አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ልጆቼ አባታችን በውሸት ጉዳይ ምሕረት የለውም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግማሹን እውነት ተናግሮ መተኛት እንደሚቻል ስለማውቅ ነው የምቆጣው። አጎቴም ሌባ አልነበሩም፤ የሚሰግዱ፣ ለድሃ የሚሰጡ፣ ሚዛን የማይሰርቁ ሰው ነበሩ። በየረመዳኑ፣ ማፍጠሪያ ሲደርስ፣ ከእትዬ መርየም ቤት በሰማያዊ ሳህን ሳምቡሳ ይመጣልን ነበር። ሳህኑ ከቀረ በኋላ አጎቴ ቴምሩን በእጃቸው እንደያዙ ወደ በሩ ያዩ ነበር፤ እስኪሞቱም ያ ልማድ አልተዋቸውም።

ለልጄ ቃሉን እስከ ታችኛው ደቃቅ ፊደል ድረስ አነበብኩላት። ማንበቡ እኔን እንዴት እንዳደከመኝ ሳታውቅ ጽፋ ሄደች። እኔ መጽሐፉን ይዤ ተቀምጬ ሂሳቡን ሠራሁ። እትዬ መርየም ሱቃቸውን ከፈሉ፣ አጎቴ የማፍጠሪያ ሰላማቸውን ከፈሉ፣ እኔ ደግሞ «ልጄ» ብለው የጠሩኝን ሴት እምነት ከፈልኩ። በሕጉ መሠረት ተካፍለነው ቢሆን ኖሮ፣ ለአጎቴ የሚደርሳቸው የሦስት ጣቃ አቡጀዲ ዋጋ ብቻ ነበር።