በሁዳዴ የቀረው ኪኒን

ስለ ጓሳ ሜዳ ሣርና ስለ በጎቹ ለዓመታት በጋዜጣ ጽፌያለሁ። ስለ ሣሩ ጠባቂዎች ሕመም ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኩ፤ እሱንም ተሳስቼ።

የታመሙት ሰው ሣሩ ያለጊዜው እንዳይታጨድ ከሚጠብቁት አንዱ ናቸው። ወደዚያ ስሄድ የማድረው እሳቸው ቤት ነው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሜዳው ላይ ጉም ሲወርድ፣ ብቻቸውን ቆመው ሳለ፣ ድንገት ልባቸው ይደልቃል፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የሚሞቱ ይመስላቸዋል። ጤና ጣቢያ ሄደው ልባቸው ደህና መሆኑ፣ ሕመሙም ጭንቀት መሆኑ ተነግሯቸው ኪኒን ተሰጣቸው። ረዳቸው። እኔ ግን «ከፍታው ያስጨንቃል» ብዬ ጻፍኩ። አጭር ነበር፤ አዘጋጁም ወደደው።

ባለፈው ሁዳዴ አጋማሽ ስደርስ ሥራቸውን ትተው ቤት ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው የእጅ ውሃ እያፈሰሱልኝ፣ ጅብ የማይፈራ ሰው የገዛ ልቡን ሲሰማ ቁልቁል ሮጠ አሉ። ጋሼ አልሳቁም። እስከ ፋሲካ ካልተመለሱ በሌላ ሰው እንደሚተኩ ተነግሯቸዋል። መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው ይህ ሥራ ነው።

«ከፍታው ነው ብለህ የጻፍከው አንተው አይደለህ?» አሉኝ። «ይኸው ወረድኩ።»

ቢወርዱም ልባቸው መደለቁን አልተወም። ከራቤል ከተማ ረጅም መንገድ ስለመጣሁ ደክሞኝ ነበር፤ ቢሆንም እንደ ልማዴ ቀን ጠየቅሁ። መቼ ባሰብዎ? ጾሙ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት። ኪኒኑንስ እየዋጡ ነው? ጾሙ የገባ ዕለት ተዉት ብለው ባለቤታቸው መለሱልኝ።

የታዘዘላቸው ጠዋት ከቁርስ በኋላ እንዲውጡት ነበር። በሁዳዴ ቁርስ የለም፤ ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ ጭራሹን ተዉት። ለሐኪሙም፣ ለንስሐ አባታቸውም አልነገሩም።

«ብነግራቸው አትጹም ይሉኛል» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ከሕፃን ልቆጠር?»

በማግሥቱ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የንስሐ አባታቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ የኪኒኑ ሰዓት ይዛወርልኝ ብለው ሐኪሙን ጠይቀው ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። አልጠየቁም።

«ታዲያ እሱን ሳትጠይቅ አትጹም ይለኛል ብለህ እኔን ምን አስፈራህ?» አሉ ቄሱ።

እዚያው ሆነን ኪኒኑን ላዘዘላቸው የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ደወልን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እህል ቀምሰው ቢውጡት ችግር የለውም አለ። ግን ካቋረጡት ስለቆየ መጀመሪያ መጥተው ይታዩ፤ እንደገና እስኪሠራም ሳምንታት ይፈጃል። ጋሼ ለፋሲካ ይደርስልኛል ወይ አሉት። ቃል አልገባላቸውም። አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ የጾሙ ግማሽ አልፏል።

ታይተው ሲመለሱ ጥበቃውን ወደሚመሩት ሰዎች ብቻቸውን ሄዱ። የወረድኩት መድኃኒት አቋርጬ ታምሜ ነው፤ እስኪሻለኝ ሰው አጠገቤ ይሁን አሏቸው። ከሰዎቹ አንዱ እኔም አንዳንዴ እንደዚያ ያደርገኛል ብሎ እንዳቀረቀረ ጋሼ በኋላ ነገሩኝ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ታች መንደሩ አጠገብ፣ ከሌላ ጠባቂ ጋር መደቧቸው።

ሰኔ ላይ ላይኛው ሜዳ ላይ አገኘኋቸው። ኪኒኑን አላቋረጡም። ልባቸው አሁንም አልፎ አልፎ ይደልቃል። ያኔ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ተነስተው ዙራቸውን ይቀጥላሉ።