በግራ የረዘመው ቀሚስ

ሟርተኛ በሉኝ፤ ያ ቀሚስ ገና ሲሰፋ አላማረኝም።

የወንድሜ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ የሰፋችውን እተኩሳለሁ። አንድ ትከሻዋ ዘቅ ያለ፣ ዳሌዋ ያዘነበለ ደንበኛ ስትመጣ አቤት ጥበቧ! አንዱን ወገን አሳጥራ፣ ሌላውን ለቅቃ፣ ሴትየዋን ቀጥ አድርጋ ትሸኛታለች። «መርፌ የማያቃናው ጠማማ የለም» ትላለች። «ያንቺን አፍ ግን አላቃናውም» እላታለሁ።

ስንት ዓመት ልጅ አጥታ፣ ዘንድሮ የወር አበባዋ ቀረ፤ ሆዷም ገፋ። ተመርመሪ ብላት፣ «ስንቴ ተመርምሬ ስንቴ አለቀስኩ፣ እትዬ! አሁንስ እሱ ራሱ ይናገር» ብላ እምቢ አለች። ለራሷም ሰፊ ቀሚስ ሰፋች። ሆዷ በገፋ ቁጥር የቀሚሱ ጫፍ በግራ በኩል ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ እሷም መስታወት ፊት ቆማ፣ ስፒል በጥርሷ ይዛ፣ የግራውን እጥፋት ፈትታ ትለቀዋለች። «ግራው ብቻ ለምን?» ስላት፣ «ወንድ ነዋ፣ ተራጋጭ!» ብላ ትስቃለች። ወንድሜ የሕፃን አልጋ አሠራ። እኔ ግን ፊቷ እየከሳ ሆዷ ብቻ ሲያድግ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ቀሚሱን ተኩሼ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ አለበስኩት። አሻንጉሊት ቀጥ ያለ ነው፤ ሆድ የለው፣ ተስፋ የለው። የግራው ጫፍ አንድ ስንዝር ወርዶ ተንጠለጠለ። ልጅ እንዲህ በአንድ ወገን ብቻ ያድጋል? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የሷን ያወጣው ካውያ ነው። እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ሆዷን በመሣሪያ ደጋግማ አየች።

«ማህፀንሽ ባዶ ነው» አለች በኋላ። «ያደገው የግራ እንቁልጢሽ ላይ የበቀለ ዕጢ ነው።»

«ማህፀኔ ደህና ከሆነ የወር አበባዬ ምን አስቀረው?»

«የሴትን ሆርሞን የሚያመርተው ማህፀን አይደለም። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ እንቁልጢዎች ናቸው፤ እንቁላሉም ከነሱ ነው። ዕጢው ሥራቸውን አዛብቶታል። ግራው ይወጣል። ቀኙ ደህና ከሆነ ብቻውን ይበቃሻል፤ ልትወልጂም ትችያለሽ። እሱንም ከነካው ግን…»

«ይጨርሱት።»

«ሁለቱንም አወጣለሁ።»

ወደ ቀዶ ጥገና ሲያስገቧት እጄን ጨምቃ፣ «እትዬ፣ ቀሚሱን ፈትተሽ አስተካክይልኝ። ቀጥ ብዬ ነው የምወጣው» አለችኝ። ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥቼ፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ፈታሁት፤ መልሼም ሰፋሁት። ሐኪሟ ስትወጣ ወንድሜ ብድግ አለ።

«ሁለቱንም» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ።

ስትነቃ እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ስለ ቀኙ አልጠየቀችኝም።

«ቀሚሱን አስተካከልሽው?»

«አዎ።»

«ግራና ቀኙ እኩል ሆነ?»

«እኩል ሆነ፣ የኔ እናት» አልኳት፤ እንባዬ ቀደመኝ። ፊቴን አየችና ገባት።