ግንቡን የከሰሰችው ደወል ደዋይ

የገበያው ግንብ ማዘንበል ጀምሯል ብላ ለማዘጋጃ ቤቱ ያመለከተችው ሬንሂልደ ነበረች። አንዴም አይደለም፣ ደጋግማ ነው። ቃሏን የሚጠራጠር አልተገኘም፤ በሌይ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች የፍላንደርስ ከተማ የግንቡን ደወሎች የምትደውለው እሷ ናት፣ አባቷም እዚያው ወንበር ላይ ነው ያረጀው። በአዘቦት ቀን ክርና የልብስ ቁልፍ ትሸጣለች። በገበያ ቀንና በበዓል ግን ጠመዝማዛውን ደረጃ ወጥታ ከደወሎቹ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ትቀመጥና፣ ከደወሎቹ ምላስ ጋር በሽቦ የተያያዙትን የእንጨት እጀታዎች በቡጢዋ፣ መርገጫዎቹን በእግሯ እየመታች አደባባዩን ታስዘፍናለች።

ጣጣው የመጣው ከባቮ ነው። ባቮ የሚሉት ትልቁን ደወል ነው። መርገጫውን ስትረግጥ የደወሉ ምላስ ይመታል፣ በዚያው ቅጽበት ክፍሉ ወደ ግራ ጋደም ይላል። ደወል ደዋይ ቤት የተወለደ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ራሱን አይጠረጥርም። ትልቅ ደወል ሲወዛወዝ ግንብ እንደሚነቃነቅ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነውና ጣቱን ወደ ድንጋዩ ይቀስራል። ባቮ በመርገጫ ሲመታ ግን ምላሱ እንጂ ደወሉ እንደማይወዛወዝ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም አላሰበችውም። ሁላችንስ ብንሆን፣ ቀጥ ብለን መቆማችንን የሚነግረንን ያን የውስጥ ዳኛ መቼ ጠይቀነው እናውቃለን?

መሐንዲሶች መጡ፣ ለኩ፣ ሄዱ። ግንቡ ደህና ነው አሉ። እሷም የአባቷን ቀበቶ ይዛ ወጣችና ወገቧን ከወንበሩ ጋር ታስር ጀመር።

ባሏ ኮርኔል ይህን ሲሰማ፣ «ግንቡን በቀበቶ ልታቆሚው ነው ወይስ እሱ አንቺን?» አላት።

«አንተ ወጥተህ እየው እስቲ፣ ቦርጭህ ደረጃው ላይ ካልተቀረቀረ።»

ሆስፒታል የሄደችው ለማዞሩ አልነበረም፤ የግራ ጆሮዋ ስለደከመ ነው። እዚያ ዶክተር ሁብረግት የሚባል፣ ፀጉሩን ማበጠር የሚረሳ ወጣት ሐኪም፣ ድምፅ ስለሚያዞራቸው ሰዎች ጥናት ያካሂድ ነበር።

«ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?» አላት።

«ብነግርዎ አብዳለች ይሉኛል።»

«እዚህ የምናክመው ጆሮ ነው፣ አይፍሩ።»

«ዓይኔን ሳዞር ድምፁ በጆሮዬ ይሰማኛል። እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ወዲያው የዓይንን እንቅስቃሴ የሚቀርጽ ጥቁር መነጽር አጥልቆላት፣ በጆሮዋ ወፍራም ድምፅ ለቀቀ። ድምፁ የባቮ ወንድም ነው። ክፍሉ ወደ ግራ ጋደም አለ።

«ይኸው፣ እዚህም ግንብ አላችሁ» አለች ሬንሂልደ ወንበሩን ጨብጣ።

ዶክተሩ ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። የተቀረጸውን ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳያት። ድምፁ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ዓይኖች ሸርተት ይላሉ፣ ድምፁ ሲያልቅ ይመለሳሉ። አፏን ይዛ አየች፤ እንደገና እንዲያሳያት ጠየቀች፤ ሦስተኛ ስታይ ሳቋ መጣ።

«ያንን ምስኪን ግንብ በሐሰት ከስሼዋለሁ።»

«ይቅርታ ይጠይቁታላ።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በውስጥ ጆሮዋ፣ ሚዛን ከሚጠብቁት ቀጫጭን ቱቦዎች በላይኛው ላይ ያለው አጥንት ሳስቶ ተበስቷል። ድምፅ መግባት በሌለበት በኩል ገብቶ ሚዛኗን ይገፈትረዋል። የዶክተሩ ጥናት ቀዳዳውን ከጆሮ ጀርባ ገብቶ በራሷ አጥንት መድፈን፣ ከዚያም ሚዛንና መስማቷ ምን ያህል እንደተመለሰ መለካት ነው።

«አልደብቅዎትም፣ የግራው ጆሮ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በጥናቱ ከገቡት አንዳንዶቹ ላይ ደርሷል» አላት።

ካልተደፈነ አንድ ቀን ከዚያ ደረጃ ትንከባለላለች፣ ደወሎቹም ለማሽን ይተዋሉ። ከተደፈነና ጆሮዋ ከጠፋ፣ ግማሹን ከተማ ሳትሰማ ልትደውል ነው። ማታ የተጠበሰ ድንችና ቢራ ፊታቸው አስቀምጠው ለኮርኔል ነገረችው።

«በአንድ ጆሮም ቢሆን እኔን ከመስማት አታመልጪም» አላት።

«አንተን በሁለቱም ሰምቼህ አላውቅ» አለችውና በማግስቱ ፈረመች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አልጋው እንደ ጀልባ ዋለ። በኮሪደሩ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ እንደ ሕፃን መሄድ ተማረች። የግራ ጆሮዋ ጥጥ እንደተጠቀጠቀበት ድፍን ብሎ ሰነበተ፤ ማንም ምንም ሊያረጋግጥላት አልቻለም። ከዚያ ሱቋን በከፈተች በመጀመሪያው ሳምንት የቁልፍ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ስታወርድ ቁልፎቹ ሲንኳኩ ተሰማት፤ በግራ ጆሮዋ በኩል። ቆርቆሮውን አራግፋ ሰማች፣ ደግማ አራገፈች። ክር ሊገዙ የመጡት ሴትዮ ምን ነካት ብለው እስኪያዩዋት ድረስ።

የከተማው ክብረ በዓል ቀን ዶክተር ሁብረግት መነጽሩንና ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እያለከለከ ግንቡ ላይ ወጣ፤ የመጨረሻውን ልኬት እዚያው ሊወስድ። ሬንሂልደ መነጽሩን አጠለቀች። ቀበቶውን ሚስማር ላይ ሰቀለችው። እግሯን አነሳችና ባቮን ረገጠችው።

ክፍሉ ባለበት ቆመ።

ደግማ ረገጠችው፣ ከዚያ በቡጢም በእግርም ሁሉንም ደወል ለቀቀችው፣ ታች ያለው ሕዝብ አንጋጠጠ። «ዓይንዎ ንቅንቅ አላለም፣ ወይዘሮ ሬንሂልደ፣ ንቅንቅ አላለም» ይላል ዶክተሩ፤ ማን ሰምቶት።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ፣ በክብረ በዓል ወጉ ነውና፣ ባቮ ራሱ በሞተር ይወዛወዝ ጀመር፤ ወለሉም አብሮት ተነቃነቀ። ዶክተሩ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ኮምፒውተሩን አቅፎ ግድግዳውን ያዘ።

«ይሄኛው ግንቡ ነው፣ ዶክተር» አለች ሬንሂልደ፣ ቀበቶውን ከሚስማሩ አውርዳ እያቀበለችው።